ዝም ያለችው ቫልቮላ

ጸጥ ያለ ሞተር ሁሉ ደህና ሞተር አይደለም። ከአሮጌ ቮልስ ኋላ ቆማችሁ ስታዳምጡ «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ቀጭን ድምፅ ብትሰሙ፣ ከቫልቮላዎቹ የአንዷ ክፍተት ትንሽ ሰፍቷል ማለት ነው። ድምፁ ጆሮ ይረብሻል፤ የመኪናዋም ጉልበት በጥቂቱ ይቀንሳል። ሞተሩን ግን ቶሎ አይገድለውም። የሚያስፈራው ድምፁ ሲጠፋ ነው። ሞተሩ በሠራ ቁጥር የተቃጠለውን ጭስ የምታስወጣው ቫልቮላ ከሙቀቱ ብዛት ትሳባለች፤ መቀመጫዋም ቀስ በቀስ ይበላል። ስለዚህ ክፍተቷ እየጠበበ ይሄዳል። ጠብቦ ጠብቦ ሲያልቅ ቫልቮላዋ አጥብቃ መዘጋት ያቅታታል። ቀድሞ በተዘጋች ቁጥር ሙቀቷን ለመቀመጫዋ ታስረክብ ነበር፤ አሁን የምታስረክብበት ስታጣ ጫፏ መቃጠል ይጀምራል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዳች ድምፅ አይሰማም። «ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል። አባባ ግን ስለ ሞተር ሲናገሩ «የምትጮኸውን አትፍሩ፤ ዝም ያለችውን ከፍታችሁ እዩ» ይላሉ።

አባባ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መኪናችን በ1961 ዓ.ም. የተሠራች ባለ 1300 ቮልስዋገን ናት፤ ከእኔም ከወንድሜም ዕድሜ እጥፍ ትበልጣለች። በ1986 ዓ.ም. ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ሲገዟት ሰማያዊ ነበረች ይላሉ። ዛሬ አንዱ በሯ ነጭ ነው፤ የኋላ ኮፈኗ ደግሞ ግራጫ። በሰፈራችን ግን መልኳን የሚጠይቅ የለም። ምጥ የያዛቸው እናቶች በሌሊት ሆስፒታል የሄዱባት፣ የዕድሩ ድንኳን ከጣሪያዋ ላይ የሚታሰርባት፣ የመዘምራኑ ኪቦርድና ስፒከር እሑድ ጠዋት የሚጓዝባት መኪና ናት። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን የማኅበር ዳቦ እንኳ በእሷ ተመላልሷል።

ስለ ቮልስ ጥቂት ልንገራችሁ። ቮልስዋገን ማለት በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ይህች ጥንዚዛ የምትመስል መኪና ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ተጋድመው ይተኛሉ። ራዲያተር የላትም፤ ውኃ አትጠጣም። የሚያቀዘቅዛት አየር ነው፤ አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጋ ይዞራል። ስለዚህ ቺንጋው ከተበጠሰ ባትሪ መሙላቱ ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ማቀዝቀዙም ይቆማል። ፊት ለፊት ያለችው ቀይ መብራት ስትበራ «እቤት እስክደርስ» ተብሎ አይነዳም። ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። በሌላ መኪና ያቺ መብራት የባትሪ ጉዳይ ትሆን ይሆናል፤ በቮልስ ግን የሞተሩ ሕይወት ናት።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አባባ ይህን ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ ቮልሷን ምሳሌ ያደርጓት ነበር። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ ከቤንዚን ይልቅ በብዛት የሚበላው አየር ነው። ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት ተብላ የተሸጠች መኪና እኛ ጋ ስትደርስ ሩቡን ያህል ታጣለች። ካርቡራተሩ ለቆላ ተስተካክሎ ከሆነ ደግሞ ለስስ አየር የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች ቤንዚን ትጨርሳለች። መድኃኒቱ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላትን ትንሽ ነሐስ በጠበበችው መቀየር ነው። ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ማየት ለዚህ ይጠቅማል፦ ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል፤ የተቆላ ገብስ የመሰለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈተናው ግን ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። መንገዱ ከደጋው ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ይወጣል። ሲወጡ የሚፈራው ሙቀት ነው፤ ሲወርዱ ደግሞ ፍሬን። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ታች ሳይደርስ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይከዳል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላና አረፋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ድረስ ቢረገጥ መኪናዋ አትቆምም። ለዚህ ነው በእኛ ቤት የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው። ለዚህም ነው አባባ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ የምትወጡት ከሆነ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ያዙት፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል።

አባባ አንድ ጠርዙ የላላ ደብተር አላቸው። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ቺንጋ የተለወጠበት፣ ቦሎ የታደሰበት፣ ሁሉም በእጃቸው ጽሑፍ ተመዝግቧል። ከደብተሩ ለእናንተ የሚጠቅመውን ላውጣ። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፤ የሚፈልገው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። የወረቀት ፊልትሮ ስለሌላት ከሥር ያለችው የሽቦ ወንፊት ትፈታና በቤንዚን ትታጠባለች፤ በወንፊቷ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከተገኘ ሞተሩ ውስጥ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ቺንጋውን በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይርገብ፤ ከዚያ ከበለጠ ላልቷል፣ ካነሰ ጠብቋል። የቤንዚን ቱቦውን በየወሩ በእጅ እጠፉት፤ ላስቲኩ ከተሰነጣጠቀ የዚያኑ ዕለት ይቀየር፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ብዙ ቮልስ አቃጥሏልና። ባትሪዋ የተቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አባባ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጠው ክዳን ሠርተውለታል። ደግሞ አንድ የምታስቅ ነገር አለች፦ የፊት መስታወቷን የሚያጥበው ውኃ የሚረጨው ከመጠባበቂያው ጎማ በሚመጣ አየር ነው። በክረምት ጭቃ መስታወቷን ደጋግማችሁ ካጠባችሁ የመጠባበቂያ ጎማውን አየር ማስሞላት አትርሱ።

ይህ ሁሉ እስከ ሁለት ዓመት በፊት የአባባ ሥራ ነበር። ከዚያ ግላኮማ ዓይናቸውን ያዘው። በመጀመሪያ መንዳት ተዉ። ቀጥሎ የቫልቮላውን ክፍተት የምንለካበትን ስስ የብረት ምላጭ ቁጥር ማንበብ አቃታቸው። 0.15 ሚሊ ሜትር የሚለውን ከ0.20 የሚለዩት በጣታቸው እየዳሰሱ ሆነ። ማየት እየራቃቸው ሲሄድ ጆሯቸው ግን ያው ነው። ከበረንዳው ተቀምጠው «ሦስተኛዋ ሲሊንደር ዛሬ አልጮኸችም» ሲሉ ይሰማሉ።

በዚያው ዓመት ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ሥራ ፈለገ፤ አላገኘም። አንድ ዓመት አለፈ። ሁለተኛውም ሊያልፍ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያማርር ነበር። እራት ላይ ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ «እንደውልልሃለን» እያነሣ ይናደዳል፤ እማማ «ተው ልጄ፣ ጌታ ያውቃል» ትለዋለች፤ እሱም ይመልስላታል። ቤታችን ይጮኽ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ከወጣቶች ኅብረት ቀረ፤ ለምን ብሎ ሲጠየቅ በትሕትና ፈገግ ይላል። እማማ «አሁንስ ልጄ ተረጋጋልኝ» አለች። ከሰፈራችን ሁለት ልጆች በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው ወደ ሳውዲ ለመግባት ሄደው ነበር፤ የአንዱ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም። ወንድሜ የሌላውን ስልክ ቁጥር እንደያዘ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቮልሷን የሚገዛ ሰው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ሰው ነበር፤ አሮጌ ቮልሶችን ሰብስቦ እያደሰ ለሠርግና ለሚወዷቸው ሰዎች ይሸጣል። የጠራው ዋጋ አባባ በብዙ ዓመት ጡረታቸው የማያገኙት ነበር። አሮጌ መኪና እንዲህ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለችው መኪና፣ ብታረጅም፣ ያለችው እሷ ናት። ወንድሜ ገንዘቡን ለምን እንደሚፈልገው አልደበቀም። «ለመንገድ» አለ። አንድ ቃል ብቻ።

አባባ እምቢ አላሉም። እሺም አላሉም። «መኪናዋ የሁለታችሁ ናት፤ እኔ ከእንግዲህ አልነዳት» አሉ። «ነገር ግን ሦስተኛዋ ዝም ብላለች። ያልተመረመረ ነገር አልሸጥም፤ ለገዢው ዕዳ ነው። ሞተሩን አውርዳችሁ እዩና ከዚያ ወስኑ።»

የቮልስ ሞተር ከመኪናዋ ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ነው። ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድና የቤንዚን ቱቦውን ፈትታችሁ፣ ክሪክ ከሥሩ ደግፋችሁ ወደ ኋላ ትስቡታላችሁ። ክብደቱ ከአንድ ኩንታል ይበልጣል፤ እኔና ወንድሜ፣ ከኅብረቱ ሁለት ልጆች ጨምረን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አወረድነው። አባባ ወንበራቸውን አስወጥተው አጠገባችን ተቀምጠው እያንዳንዱን ፍሬ በጣሳ በጣሳ እንድንለይ አዘዙን፤ በየጣሳው ላይ ስም አስጻፉን።

ቴስታታው ሲነሣ ሦስተኛዋን ሲሊንደር አየናት። የጭስ ማስወጫ ቫልቮላዋ ጠርዝ አይጥ እንደቆረጠመው እንጀራ በአንድ በኩል ተበልቷል። ሦስተኛዋ ብቻ የተጎዳችው በዕድል አይደለም። በእሷ ዘመን በተሠሩ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው በማራገቢያው ሳጥን ውስጥ፣ ለሦስተኛዋ ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ነው። ሌሎቹ ንጹሕ ነፋስ ሲያገኙ፣ እሷ የምታገኘው በዘይቱ ሙቀት የተሞቀውንና የቀነሰውን ነው። በአንድ ሞተር ውስጥ፣ በአንድ ቤንዚን፣ በአንድ መንገድ ሄደው እሷ ብቻ ይበልጥ ትግላለች።

ወንድሜ ቫልቮላዋን በእጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ለአባባ ሰጣቸው፤ እሳቸውም በጣታቸው ዳሰሷት። «ስንት ጊዜ ይሆናታል?» አለ። «ድምፅዋ ከጠፋ ጀምሮ» አሉት። ማንም ሌላ ነገር አልጨመረም።

አዲስ ቫልቮላና ጓርኒሲዮን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልተገኘም። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ለሚያውቁት ባለ ሱቅ ተደወለ፤ ዕቃው ግን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሦስት ሳምንት ዘገየ። እነዚያ ሦስት ሳምንታት ሞተሩ በጓሯችን በሸራ ተሸፍኖ ተቀመጠ። እኔና ወንድሜ በየማታው እየወጣን ቴስታታውን ከጥላሸት እናጸዳለን፤ ሌሎቹን ቫልቮላዎች በማፋጫ ቅባት ከመቀመጫቸው ጋር እናስማማለን። ይህ ሥራ ዱላ የሚመስል እንጨት በሁለት መዳፍ መካከል ወዲያና ወዲህ ማሽከርከር ነው፤ እጅን ይይዛል፤ ዓይንን ግን ነፃ ይተዋል። ፊት ለፊት መተያየትም አይጠይቅም። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ማታ ወንድሜ መናገር ጀመረ። ሦስት ጊዜ ለፈተና አዲስ አበባ ሄዶ በሰው ቤት ወለል ላይ እንዳደረ፣ የታናናሽ ልጆች «ጋሼ ሥራህ ምንድን ነው?» ማለት እንዴት እንደሚያመው፣ ጸሎት ሲጸለይለት «አሁንም እሱ ነው የሚጸለይለት» ብለው የሚያስቡ እንደሚመስለው ነገረኝ። ምክር አልሰጠሁትም። ሲጠይቀኝ ምላጩን አቀብለው ነበር።

ዕቃው መጣ። ሞተሩ ተገጠመ። ማለዳ፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ፣ የስምንቱንም ቫልቮላዎች ክፍተት 0.15 ላይ አስተካከልን፦ አንደኛዋ፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣ ሁለተኛዋ፣ እንደገና ግማሽ ዙር፣ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ። ምላጩ በቅቤ ውስጥ እንደሚያልፍ ሳይሆን በሁለት ገጽ መጽሐፍ መካከል እንደሚሳብ ወረቀት ትንሽ ያዝ ሲያደርገው ልክ ነው። ስትነሣ አባባ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና «አራቱም አሉ» አሉ። በዚያው ቀን ወንድሜ እየነዳ፣ አባባ ከጎኑ፣ እኔና እማማ ከኋላ ሆነን ሉማሜ ደርሰን ተመለስን።

ለገዢው የደወለለት ወንድሜ ራሱ ነው። «ለጊዜው አትሸጥም» አለው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ንግግር አላደረገም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው መኪና ቫልቮላና ፍሬን ያስተካክላል፤ የተመረቀበት ሥራ አይደለም፤ የሚያገኘው ገንዘብም ብዙ አይደለም። መሄድን ጨርሶ ትቶታል ብዬ ብነግራችሁ እዋሻለሁ። ያ ስልክ ቁጥር አሁንም አለው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ አሁን እራት ላይ ስለ መሄድ ጮክ ብሎ ይከራከራል። እማማ ትቆጣለች፤ አባባ ስለ ባሕሩ ይጠይቁታል፤ እሱ ይመልሳል፤ እኔ እገባበታለሁ። ቤታችን እንደገና ይጮኻል። እማማ «ያ ሰላማችን የት ሄደ?» ስትል እኔና አባባ ዝም እንላለን።

በየኅብረታችን የሚያማርሩ ልጆች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የምንጨነቀው ስለ እነሱ ነው። ስሙን ስትጠሩት «ደህና ነኝ» ብሎ ፈገግ የሚለውን፣ ከወር በፊት ይከራከር የነበረውንና አሁን የተወውን ልጅ ግን ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ቢቻል ሥራ ስጡትና አብራችሁት ሥሩ፤ እጅ የሚይዝ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት የማያስፈልገው ሥራ።

በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ አሮጌ ቮልስ ካለች ደግሞ ለመጀመር ብዙ አያስፈልጋችሁም። አንድ ካቻቢቴ፣ የ13ና የ21 ቁልፍ፣ የክፍተት መለኪያው ምላጭ፣ ጨርቅና ደብተር ይበቃል። ማታ አትንዷት፤ ሞተሩ ሌሊቱን ይቀዝቅዝ። ጠዋት ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት በግራ በኩል ካለው የቫልቮላ ክዳን ጀምሩ፤ የሽቦ መያዣውን በካቻቢቴ ወደ ታች ስትገፉት ይከፈታል። በመጀመሪያ የምትለኩት ሦስተኛዋን ይሁን።